«ቡአ» ተብሎ የተመዘገበው ቀዶ ጥገናዬ

ቀን፦ ማርች 3 ቀን 2025

ለቤልብሩክ ሆስፒታል የሕሙማን አገልግሎት ኃላፊ
ለክብርት ወ/ሮ ኢንግሪድ ሃላም
ቤልብሩክ፣ ሳስካችዋን፣ ካናዳ

ጉዳዩ፦ የሕክምና መዝገቤ ታርሞ የፓምፕ አጠቃቀም ስልጠና እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ኮርቢን ዊብ፣ የ24 ዓመት ወጣት፣ ባለፈው ጁን በሰብል ሳይንስ የተመረቅሁ ስሆን ከዚህ በታች ያለውን በአክብሮት አመለክታለሁ።

1. ከሁለት ዓመት በፊት በግልቢያ ውድድር ላይ ፈረስ ዳሌዬ ላይ ወደቀብኝ። በደረሰብኝ ጉዳት ብልቴ መቆም አቆመ። ኪኒኑም መርፌውም ስላልሠራ ባለፈው ኦክቶበር 9 ቀን ከቆዳ ሥር በሚቀበር ፓምፕ የሚነፋ ሰው ሠራሽ መሣሪያ ተተከለልኝ። በቀዶ ጥገናው ቅሬታ የለኝም።

2. ስህተቱ የጀመረው ከእኔ ነው። የምኖረው ከወላጆቼ ጋር ነው፤ እርሻችን ላይ የእጅ ስልክ አይሠራም። የወጥ ቤቱ ስልክ መልእክት ሲይዝ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ በዚያ ያለፈ ሁሉ ተጭኖ ያዳምጣል። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ሲደወል ቤተሰቤ እንዳይሰማ የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ «እባክሽ ቡአ ብለሽ ጻፊልኝ» አልኳት። አዘነችልኝና ጻፈች።

3. በስድስተኛው ሳምንት ፓምፑን መንፋትና ማስተንፈስ ከምታስተምረው ተዘዋዋሪ ነርስ ዘንድ መቅረብ ሲገባኝ፣ የቡአ ማገገሚያ ክፍል ተመደብኩ። ከስድስት ገበሬዎች ጋር ተቀምጬ አተነፋፈስ ተማርኩ። አቶ አብራም ፍሪዘን «አይዞህ ልጄ፣ የእኔ ቡአ አንተን በዕድሜ ይበልጥሃል!» ሲሉ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አሠልጣኙ «ከቀዶ ጥገናው ጀምሮ ሦስት ወር እንዳትነኩት፣ እንዳትጫኑት» አለን። ከሆስፒታሉ የመጣ ትእዛዝ ስለሆነ ለእኔም መሰለኝ። አልነካሁም።

4. ጃንዋሪ ላይ ስሞክር ፓምፑ በጠባሳ ተውጦ ጣቴ አጣው። ብደውል «ወንድሜ፣ መዝገብህ ቡአ ነው የሚለው። ለቡአ ደግሞ ፓምፕ የለንም» ተባልኩ። ማረም የሚችሉት የቀደዱኝ ሐኪም ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ክፍለ ሀገሩን ለቀዋል። አራት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ያየኝ ሌላ ሐኪም፣ በዚህ ወር ካልተላቀቀ እንደገና መከፈት እንዳለበት፣ ያኔም ተስፋው ትንሽ መሆኑን ነግሮኛል።

እጮኛዬ ማርላ «መቼ ነው የሚሻልህ?» ስትለኝ «ስልጠናው ሲደርሰኝ» እላት ነበር። አሁን መጠየቁን ትታለች። እኔ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ፓምፑን በጣቴ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ መዝገቤ በዚህ በእጄ በፈረምኩት ቃል እንዲታረም፣ ነርሷም ማርች 18 ወደ ከተማችን ስትመጣ ሩብ ሰዓት እንድትሰጠኝ እለምናለሁ። ምናልባት ጊዜው አልፏል። አልፎ ከሆነም ከእሷ አፍ ልስማው።

ቀጠሮው በወጥ ቤቱ ስልክ ይነገረኝ። እናቴ ካነሳችው ቡአ አይባልላት፤ የተሠራልኝ በስሙ ይነገራት።

ከማይጓደል አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ኮርቢን ዊብ