በአሮጌው አውድማ ሥር

ሙጃ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ገብረ ዮሐንስ፣ ደሴ

እንደምን ሰነበቱልኝ አባባ? መስቀልዎን ካለሁበት ሆኜ ተሳልሜያለሁ። የዓይንዎ ፋሻ እንደተፈታ፣ የሰው መልክም መለየት እንደጀመሩ ወንድሜ ነግሮኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ለንባብ ገና ነው ስላለኝ ይህን ምራትዎ ሰርካለም ታንብብልዎ። በስልክ ያልነገርኩዎ መሀል ላይ ስለሚያቋርጡኝ ነው። መጨረሻው የሚያስቆጣ ስለሆነ ሰርካለም ፈርታ እንዳትዘለው አደራ።

የመጣሁት ለሥራ ነው። እዚህ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ዘንድሮ ከአፋር በኩል የመጣውን ንዝረት ከሌሎቹ ጣቢያዎች ይልቅ አግንኖ ስለመዘገበ፣ ከሥሩ ያለው መሬት ይለካ ተባለ። አለካኩ ቀላል ነው። ንዝረት የሚሰሙ መሣሪያዎችን፣ መስሚያ የምንላቸውን፣ በመስመር እንተክላለን፤ መሬት ላይ ያስቀመጥነውን ብረት በመዶሻ እንመታለን። ንዝረቱ ፈጥኖ ከደረሰ ከሥር ዓለት አለ፤ ከዘገየ አፈሩ የላላ ነው። በዚያ ሰዓት ሰውም ከብትም መንቀሳቀስ የለበትም።

ጸጥታ አገኛለሁ ብዬ በሚካኤል ዕለት ልጀምር ስል ጎረቤታችን ውባንተ እየሮጠ መጣ።

«አንቺ የቄስ ልጅ! በመልአኩ ቀን ምድርን በብረት ልትወግሪ? በረዶ ልታወርጂብን ነው?»

ልኬቱን ለዚያን ቀን ተውኩት። በማግስቱ ደግሞ እሱ ራሱ ስንዴ ሲያበራይ መስሚያዎቼ የበሬ ኮቴ ብቻ መዘገቡ። ትንሽ አቁምልኝ ብለው፣ «በሬዎቹን አንቺው ለምኛቸው፣ እኔንማ መቼ ይሰሙኛል» አለኝ። ለምሳ ሲፈታቸው ጠብቄ ለካሁ።

ጣቢያውን ሊተክሉ የመጡት ሰዎች ጠንካራ መሬት ሲጠይቁ አሮጌውን አውድማችንን ያሳዩአቸው አንቱ ነዎት። «ስንት ዘመን በሬ የረገጠው፣ ዓመት ዓመት በእበት የተለቀለቀ፤ ከዚህ የጠና መሬት ወዴት ይገኛል?» አሉ። እኔም አጠገብዎ ቆሜ ነበር፤ እውነት መሰለኝ። የጠናው ግን ላዩ ብቻ ነው። ከሥሩ ወፍራም የዋልካ አፈር አለ፤ ንዝረት ሲመጣ በቅል እንዳለ እርጎ ይናጣል። ስለዚህ ጣቢያው ከማርያም ማዶ ወዳለው ዓለት ይዛወራል።

ቤታችንም የቆመው እዚያው ዋልካ ላይ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ለራሴ ብዬ ከግድግዳው ሥር ለካሁ፤ ያው ነው። ከአልጋዎ ራስጌ ያለውን ስንጥቅ በጭቃ መርገውት ሄደው ነበር። ምርጊቱ እንደገና ተከፍቷል፤ ጣቴ ይገባል። ጠንከር ያለ ንዝረት ቢመጣ ድንጋዩ የሚወድቀው በርስዎ ላይ ነው። ለሁዳዴ መግቢያ እመለሳለሁ፣ ከቤቴ ሌላ አላድርም ማለትዎን ሰምቻለሁ። እናቴን የቀበርን ሰሞን እንኳ ከዚያ ቤት ወጥተው አላደሩም። ፈራሁ አባባ።

ብጠይቅዎ እምቢ ይሉኛል፤ ስለዚህ አልጠየቅሁም። ትናንት የሰፈሩ ሰው በደቦ ቆርቆሮውን አወረደ፤ ዛሬ ግድግዳውን አፈረስን። በእነሱ እንዳይፈርዱ፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ የነቀልኩት እኔ ነኝ። መጻሕፍትዎና መቋሚያዎ ውባንተ ቤት ናቸው። ድንጋዩን ወደ ዓለቱ እያጋዝነው ነው፤ ባለ ሁለት ክፍል አዲስ ቤት ይወጣዋል። ለሁዳዴ ስለማይደርስ ግን እስከ ፋሲካ ደሴ ይቆዩልኝ።

የእናትሽን ቤት አፈረስሽ ይበሉኝ፤ እውነት ነው። ይቆጡኝ፣ ዓመት ሙሉም አያናግሩኝ፤ በጤና ቆመው ዝም ቢሉኝ እችለዋለሁ። ብቻ አይርገሙኝ።

ዓይንዎን ያበራ አምላክ መንገድዎንም ያቅናልዎ። ጸሎትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ
ዓይናዲስ ገብረ ዮሐንስ