ኮቱን የሰፋሁት እኔ አይደለሁም

ለተከበሩ የዘመናዊ ፋሽን ዲዛይን ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለመነጽርዎና ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ለሚያወጣዎት ጉልበትዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ።

የዚህን ከተማ ሕዝብ በሙሉ ያለበስኩት እኔ ነኝ። እኔ ባልኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው ዛሬ አንሶላ ተጠቅልሎ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። በሙሉ ስል ትንሽ ሳላበዛው አልቀረሁም፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ድልድዩ ድረስ ያሉትን ማለቴ ነው፤ ከእነሱም ውስጥ ሱሪ ለማሳጠር ብቻ የመጡት ይበዛሉ። ያም ሆኖ እርስዎ ራስዎ በመመረቂያ ሥራዎች ፈተና ቀን የለበሱት ግራጫ ሱሪ እግሩ የታጠፈው በእኔ ሱቅ ነው፤ ሾፌርዎ ነበር ያመጣው። ግራ እግርዎ ከቀኝዎ በአንድ ጣት እንደሚያጥር ከባለቤትዎ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ይህንንም እስከ ዛሬ ለማንም ሳልናገር በታማኝነት ጠብቄያለሁ።

አንገቴ ላይ ከማይወርደው መለኪያ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ሜትር ይለኛል። ባለፈው ዓመት የመመረቂያ ሥራዋ ዜሮ ተሰጥቶት ከተመራቂዎች ዝርዝር የወጣችው ልጅ አባት ነኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። የማታ መሠረተ ትምህርት የገባሁት ልጄ ከእናንተ በወጣች በሳምንቱ ሲሆን፣ ሌላው በሁለት ዓመት የሚጨርሰውን እኔ በዘጠኝ ወር ጨርሻለሁ። አስተማሪያችን ከልጄ በዕድሜ የምታንስ ልጅ ናት፤ አቤቱታ በቁጥር ሲቀመጥ አንባቢን አያደክምም ብላናለች። እኔም እርስዎን ከማድከም ይሰውረኝ ብዬ በቁጥር አስቀምጣለሁ። ቁጥር እንኳ ድሮም አውቃለሁ፤ ሜትር ላይ አለ።

አንደኛ። ልጄ ያቀረበችው ረጅም ኮት ከሱቄ ወለል ላይ በተለቀመ ቁራጭ የተሠራ ነው። የሰው ሱሪ ባሳጠርኩ ቁጥር የሚወድቀውን ጨርቅ አንድ ዓመት ሙሉ በከረጢት ስታጠራቅም ቆይታ፣ ቀለሙን ከቀለም እያስተያየች ገጣጠመችው፤ ስፌቱንም ወደ ውጭ ገለበጠችው። ስፌት ወደ ውጭ ወጥቶ ቢታይ እኔ ዘንድ ደንበኛ ልብሱን ፊቴ ላይ የሚወረውርበት ነውር ነው፤ እናንተ ዘንድ ግን ዘመናዊ ይባላል፤ ለትምህርት ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ በመሆኑ ዝም ብያለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዐውደ ርዕያችሁ ላይ ሦስት እጅጌ ያለው ጃኬት ከፍተኛ ማዕረግ ሲሰጠው በዓይኔ አይቻለሁ። ሦስተኛውን እጅ ማን ያመጣል ብዬ ብጠይቅ አንድ ተማሪ፣ ጋሼ እሱ ሐሳብ ነው እንጂ የሚለበስ አይደለም ብሎ በትሕትና አስረድቶኛል። በዚህ ሁሉ ዘመኔ ሐሳብ ይዞልኝ መጥቶ ወገቡን አጥብልኝ ያለኝ ደንበኛ ስላልነበረ አለማወቄን ይቅር ይበሉኝ።

የልጄ ኮት ግን ሁለት እጅጌ ብቻ ስላለው በሌላ ነገር ተጠረጠረ። ዳኞቹ ስፌቱን በማስመሪያ ለክተው፣ ቃለ ጉባኤው ላይ እንደሰፈረው፣ “ከተማሪ ከሚጠበቀው በላይ ቀጥ ያለ ሆኖ አግኝተነዋል” አሉ። በዚህም የተነሳ የሰፋው ባለሙያ ነው፣ ባለሙያውም አባቷ ነው ተባለ። ክቡር ሆይ፣ አራት ዓመት ሙሉ ያስተማራችሁት ሰው ቀጥ አድርጎ መስፋት እንደማይችል በፊርማና በማኅተም ስላረጋገጣችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ትምህርት ክፍላችሁ ከዚህ የባሰ ነገር እኔ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

ሁለተኛ። ለምስክርነት ስትጠሩኝ በገዛ እጄ የሰፋሁትን የሠርግ ጃኬቴን ለብሼ መጣሁ። ስለ ቀጥ ያለ ስፌት ለአምስት የተማሩ ሰዎች ግማሽ ሰዓት አስተማርኩ፤ አንዱ ዳኛ ማስታወሻ ሲይዝ አይቻለሁ፤ ምናልባት ሥዕል እየሣለ ይሆናል። ልጄ በሰባት ዓመቷ ሦስት ትራስ ተደርቦላት ከስፌት መኪናዬ ኋላ እንደተቀመጠች፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ አልደርስ ሲላት ቆማ ትረግጥ እንደነበረ፣ ኮቱንም ከአንገቱ እስከ ጫፉ የሰፋችው እሷ እንደሆነች ነገርኳችሁ። እርስዎም፣ ጥሩ፣ ይህንኑ ከጸሐፊዬ ጋር በጽሑፍ ያረጋግጡልን አሉኝ።

ጸሐፊዎ ከመሳቢያቸው አንድ ቅጽ አወጡ። አሁን ማንበብ ስለምችል ርዕሱን ልንገርዎት፤ “የውጭ ባለሙያ ተሳትፎ ማረጋገጫ” ይላል። ጨርቅ የነከረው፣ ያተመው፣ ቁልፍ የቀረጸው ባለሙያ ለተማሪ የሠራውን የሚያረጋግጥበት ነው። መጀመሪያው መስመር ላይ ስም አለ። ሁለተኛው “ከላይ የተጠቀሰውን የተማሪ ሥራ የሠራሁት እኔ መሆኔን አረጋግጣለሁ” ይላል። ሦስተኛው ፊርማ ነው። ያልሠራ ሰው የሚፈርምበት ቅጽ ክፍላችሁ የለውም። ባለፈው ወር መዝገብ ቤታችሁ ሄጄ ብጠይቅ፣ ያልሠራ ሰው ምን ሊፈርም ይመጣል አሉኝ። አንድ ቅጽ ለሠራውም ላልሠራውም እንዲበቃ አድርጋችሁ መቁረጣችሁ ጨርቅ ቆጥቦ ለሚያድር ሰው የሚያስቀና ብልሃት ነው።

ሦስተኛ። ጸሐፊዎ ሊያነቡልኝ ይቅርና ወረቀቱን አገላብጬ እንዳይ እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም። ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በጣታቸው ሦስተኛውን መስመር እየነኩ፣ እዚህ ጋ ነው፣ ቶሎ ይበሉ፣ ምሳ ሰዓት አልፎብኛል አሉኝ። ፈረምኩ። ፊርማዬ ውብ ነው፤ ጫፉ ከመርፌ እንደወጣ ክር ይጠቀለላል። ሌላ ፊደል ሳላውቅ ለሃያ ዓመት የተለማመድኩት እሱን ብቻ ስለነበረ እንከን አይወጣለትም።

አራተኛ። የማታው ትምህርት ሲያልቅ እያንዳንዱ ሰው የሚያነበውን መረጠ። አንዱ ጥበቃ ልጁ ከሩቅ የጻፈለትን የስድስት ዓመት ደብዳቤ አነበበ። አንዷ የጽዳት ሠራተኛ የምታጸዳውን ሕንፃ ስም አነበበችና ይኸው ነው እንዴ ብላ ሳቀች። እኔ ልጄ አልጋ ሥር ካለው ካርቶን ቃለ ጉባኤያችሁን አወጣሁ። ሁለት ገጽ ነው፤ አራት ቀን ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ገጹ ላይ “ኮቱ በውስጥም በውጭም ተመርምሯል” ይላል፤ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ። ሁለተኛው ገጽ ላይ እርስዎ የፈረምኩበትን ቅጽ ለልጄ አሳይተው ይህ ፊርማ የማን ነው ብለው ጠይቀዋታል። የአባቴ ነው ብላለች። የምትጨምሪው ነገር አለ ወይ ብለዋታል። የለም ብላለች። ከዚያ በታች “ተማሪዋ መከላከያ አላቀረበችም” ተብሎ ተጽፏል።

ክቡር ሆይ፣ ይህች ልጅ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ በመለኪያ ደብተሬ ላይ የደንበኛ ስም የምትጽፍልኝ ነበረች። እኔ ስሙን እጠራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ ደንበኛ ሲመጣ እሷ ታነባለች፣ እኔ ያነበብኩ እመስላለሁ። ጋዜጣ በእጄ ይዤ በር ላይ ስቀመጥ ገጹን የምታዞርልኝ እሷ ናት። አባቴ ማንበብ አይችልም ብትል ሦስት ቃል ነው፤ በሦስት ቃል ትመረቅ ነበር። በአምስት ዳኞች ፊት እኔን ከማሳፈር የለም ማለትን መረጠች። እናንተም ጻፋችሁት። “የለም” ሦስት ፊደል ስለሆነ ለማንበብ አላስቸገረኝም።

አሁን ሱቄ ውስጥ ዚፕ ትቀይራለች። ጠዋት እንዴት አደርክ አባዬ ትለኛለች፤ እኔም ደህና እላታለሁ፤ መቀስ ስጠኝ ስትል እሰጣታለሁ። ስለ ኮቱ አንስተን አናውቅም። ሰፈርተኛው ተናደድክ ወይ እያለ ይጠይቀኛል። ሠላሳ ዓመት መርፌ የወጋው ጣት አለኝ፤ አሁን ሲወጋኝ አያመኝም፤ መወጋቴን የማውቀው ደሙን ጨርቁ ላይ ሳይ ነው። ነገሩ ይህን ይመስላል።

አምስተኛ ብዬ የጻፍኩት ነበር፤ ስድብ ስለሆነ አስተማሪያችን ሰርዛዋለች።

ስለዚህ የምለምነው ይህ ነው። ልጄ ግራኝ ናት። ኮሌታ ሲሠራ በላይኛውና በታችኛው ጨርቅ መካከል ደረቅ ጨርቅ ይገባል፤ እሱም በእጅ፣ በጥቃቅን ክር ይያያዛል። እኔ ስሰፋው ክሩ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ እሷ ስትሰፋው ወደ ሌላው ያጋድላል። ይህን የመርፌ ሥራ የለመደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የተማረ ሰው ደግሞ ቢነገረው ያውቀዋል። የኮቱን ኮሌታ አንድ ጎን በምላጭ ይፍቱት፤ አጠገቡ የእኔን የሠርግ ጃኬት ያስቀምጡ፤ ከዚያ ይመልከቱ። ጃኬቴን ለጥበቃችሁ አስረክቤያለሁ፤ ለዚሁ ብዬ ኮሌታውን ፈትቼዋለሁ። የዕቃ ቤት ኃላፊያችሁ ኮቱን በበሩ መስታወት አሳይቶኛል፤ የኮሌታው ጠርዝ እስከ ዛሬ ድረስ ልጄ እንደሰፋችው ነው፤ ማንም አልፈታውም።

በደንባችሁ መሠረት ይግባኝ የሚቀበሉት እስከ አንድ ዓመት ነው፤ ያልተወሰደ የተማሪ ሥራም ዓመት ሲሞላው ይወገዳል። ዓመቱ የሚሞላው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። በታሸገ ፖስታ ሁለት ጊዜ ጽፌ ነበር፤ አባት ባለጉዳይ አይደለም፣ ተማሪዋ ራሷ ታመልክት ተብሎ ተመለሰልኝ። ተማሪዋ የምትጨምረው ነገር የለም። እኔ ግን አለኝ፤ በመሆኑም ይህን በእጄ ሦስት ጊዜ ገልብጬ በደረጃችሁ ሥር ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በመግቢያው በርና በሱቄ መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ። አባቷ ማንበብ አይችልም ነበር። እሷ ያላለችውን እኔ ብዬዋለሁ፤ ፊርማዬ ይሰረዝልኝ።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ካልሰጡኝም ስላሰቡበት፣ ልጄን ከሚጠበቀው በላይ ቀጥ ብላ ስላገኛችኋት፣ ለእኔም በስተርጅና ትምህርት ቤት የምገባበትን ምክንያት ስለፈጠሩልኝ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ሱሪዎ ሲያረጅ ሱቄ ክፍት መሆኑን በአክብሮት አስታውቃለሁ።

ጋሼ ሜትር
ልብስ ሰፊ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ድልድዩ

ግልባጭ፦
ለዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት
ለማታ አስተማሪያችን
ለልጄ

ተጨማሪ፦ ሦስተኛ ብዬ ስለ ጸሐፊዎ የጻፍኩትን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ እውነት ነው፤ የእግርዎ ማጠር ጭምር። ቦርሳ አልያዙም፤ ምሳ ሰዓትም አልነበረም። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና፣ አባቴ ላንብብልዎት አሉኝ፤ ሁለት ጊዜ። እኔ መነጽሬን አወጣሁ፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ማንበብ የሚፈጀውን ያህል ቆየሁና፣ አንብቤዋለሁ፣ ሁለተኛው መስመር ብቻ ትንሽ ረዘመ አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ፈረምኩ። ልጄም ይህን የምታውቀው ዛሬ ከዚህ ወረቀት ላይ ነው። ጸሐፊዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ያላነበብኩትን አንብቤያለሁ ብዬ ፈረምኩ፤ እርስዎም ያልገለጡትን ኮሌታ መርምሬያለሁ ብለው ፈረሙ። የእኔን እዚህ ጽፌዋለሁ። የእርስዎን ለመጻፍ እንዲመችዎት ከወረቀቱ ግርጌ አራት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ትቻለሁ።