አስቴር የለወጠችው ታሪክ

ሰኞ

ዛሬም ማንበብ አቃተኝ። መጽሐፉን ገልጬ ተቀመጥኩ፣ አማቴ ጆሯቸውን አዘንብለው ጠበቁ፣ መልሼ ዘጋሁት። ባለቤቴ አስቴር ካረፈች ወዲህ ለእናቷ ያነበበላቸው የለም። አማርኛ አይሰሙም። እሷ ነበረች እያነበበች እዚያው በወላይትኛ የምትነግራቸው። የጣሊያን ጊዜ ልብ ወለድ ነው። አንድ ወጣት ከጦርነት ሳይመለስ ይቀራል፣ እህቱ ምን እንዳገኘው ስታፈላልግ የቤተሰቡ ምስጢር ይወጣል።

አማቴ እስረኛው ተፈታ ወይ አሉኝ። የት እንደደረሱ ስላላወቅኩ ነገ አልኳቸው።

ማክሰኞ

ከመጀመሪያው ጀምሬ ለብቻዬ አነበብኩ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ንባቡ ያዘግማል። እስረኛ የሚባል ሰው የለም። ልጁ ገና ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሞቷል። እህቱ ሲሞት ያየ ሰው አግኝታ፣ ለእናቷ ደብቃለች።

ከሰዓት አማቴን እስካሁን የሰሙትን ጠየቅኳቸው። ተማርኮ ነው፣ ባሕር አሻግረው ድንጋይ ያስፈልጡታል፣ ግን አንድ ደግ ዘበኛ አለ፣ ዳቦ ያካፍለዋል አሉኝ። መጽሐፉ ውስጥ ዘበኛም ዳቦም የለም። አስቴር ከራሷ ነው ያመጣችው።

የአማቴ ልጅ ማርቆስም፣ የአስቴር ታናሽ፣ ከድንበሩ ጦርነት አልተመለሰም። ሞተ ያለን የለም። መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጥንም። የእሱ ድርሻ እንሰት እስከ ዛሬ አልተነካም፤ አማቴ በሰው ያስኮተኩቱታል።

ረቡዕ

ጌታ ሆይ፣ አስቴር የማርቆስን ሞት ታውቅ ነበር የሚለውን ጥርጣሬ ከልቤ አውጣ ብዬ ጸለይኩ። አልወጣም። በሚኒባስ ጉኑኖ ሄድኩ፣ ከማርቆስ ጋር ወደዘመተው ወደ ዘለቀ። ጎደሬ ሲቆፍር አገኘሁት። ስለ ማርቆስ ስጠይቀው ዶማውን መሬት ላይ ተከለ።

"አስቴር ከሄደች ቃሌን ለማን እጠብቃለሁ? አጠገቤ ነው የወደቀው፣ ጋሼ። በእጄ ነው የቀበርኩት።"

እንደተመለሰ ለአስቴር ነግሯታል። እናቴ አትችለውም፣ እሷ እስክታርፍ እንዳትናገር ብላ አስምላዋለች። እናቷ የሚቀድሙ መስሏት። እሷ ቀደመች።

ለእኔም አልነገረችኝም። ማታ ማታ አብረን ስንጸልይ፣ ማርቆስን ባለበት ጠብቀው እል ነበር፣ ጮክ ብዬ። አሜን ትል ነበር? ባስብ ባስብ፣ እዚያ ላይ ድምፅዋን አላስታውስም።

ሐሙስ

ተቆጣሁባት። መቃብር ውስጥ ያለ ሰው ላይ መቆጣት ምን ይባላል።

ወንጌላዊውን አማከርኩ። አርጅተዋል፣ እስረኛውን ፍታላቸውና መጽሐፉን ዝጋ አለኝ። ቀላል ነው። እኔም እውነቱን ሳልነግራቸው ልተወው ቆርጬ ገባሁ። አማቴ፣ ያንተን ንባብ ከምጠብቅ ዶሮዬን ፊደል ባስቆጥር ይሻለኛል ብለው አሾፉብኝ። ሳቅን። ቀጥለው ግን ማርቆስ ሲመጣ ቤት የሚሠራበትን ቦታ አብረን እንድናይ ፈለጉ። ከጓሮው በኩል ይሁን፣ መንገዱ ዳር ባጃጁ ይጮኽበታል አሉ።

እሺ ማለት አልቻልኩም። ለዘለቀ ደወልኩ።

ዓርብ

መርዶ የሚነገረው በንጋት ነው። ዘለቀ መጣ፣ ሁለት የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች መጡ፣ የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ቆሙ። አማቴ በሩን ሲከፍቱ ገባቸው። ዘለቀ ሲነግራቸው አልጮኹም። ተሠቃይቶ ነበር ወይ አሉት። አልተሠቃየም አለ። ከዚያ ይህን ማን ያውቅ ነበር ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አልደበቅኳቸውም።

"እንግዲህ ልጄ ለወንድሟ ብቻዋን ነው ያለቀሰችው?"

ያኔ ነው ቤቱ በለቅሶ የተናጋው።

ድንኳን ሲተከል የማርቆስን ፎቶ አወጣሁ። የአስቴርንም አምጣ አሉኝ። ለእሷማ አልቅሰን ጨርሰናል፣ እማማ፣ አልኳቸው።

"ለእሷ አልቅሰናል። ከእሷ ጋር አላለቀስንም።"

አመጣሁት። ሰው እየገባ ዛሬ ለቅሶው የማን ነው ይለኛል። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አሳየዋለሁ።