ጉድጓዱ በተመረቀ ማግስት

ልጄን መኩሪያን ያሳጣኝ ባልሽ ጉግሳ ነው።

እህቴ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽንስ ተሻለሽ ወይ? እኔ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ እሱ ራሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ጉግሳ፣ የመጀመሪያውን መስመር ዘለህ ከሆነ ተመለስና አንብብላት። ቀበሌ ሄጄ ፊደል ስቆጥር «እትዬ፣ በዚህ ዕድሜ ለማን ሊጽፉ ነው?» ብለህ ስቀህብኝ ነበር። ለማን እንደሆነ ይኸው አየህ።

እህቴ፣ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ በሚሉት ሰፈር፣ ጸጋዬ የሚባል ታክሲ ነጂ ጎረቤት አለኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመልሰኝ በኮረብታው በኩል ያልፋል። እዚያ ዘይት የሚስቡ ብረቶች ጎንበስ ቀና ሲሉ ይውላሉ። ከሥራቸው ቤት አለ፤ ውኃ የሚጠጣ ሣር አለ። «እትዬ፣ እዚህ ሰው ነዳጁ አጠገብ ፓርክ አድርጎ ይተኛል፤ ኖ ፕሮብሌም!» ይለኛል። እኔ ግን በጭጋግ ውስጥ ሳያቸው አንገታቸውን ለውኃ የደፉ ግመሎች ይመስሉኛል።

ሕልም ልንገርሽ። ሕልም አይከሰስምና ጉግሳም ይስማ።

ጫማው አሸዋ የሞላ ሰው በሬን አንኳኳ። አስገባሁት። ኦጋዴን፣ ነዳጅ በሚፈለግበት አገር ነበርኩ አለኝ። ሕዝቡ ሲሸፍት መንግሥት «ልማት ይግባለት፣ ይረጋጋል» ብሎ ጉድጓድ አስቆፈረ። ጉድጓዱ ደረቅ ወጣ። የሥራው ኃላፊ ግን፣ ስሙን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊመጡ ነውና በቦቴ ውኃ አስመጥቶ ማጠራቀሚያውን አስሞላ። ሪባን ተቆረጠ፤ ቧንቧው ተከፈተ፤ ተጨበጨበ። ወሬውን የሰሙ ባለ ግመሎች ከሩቅ እየነዱ በማግስቱ ሲደርሱ ቧንቧው ነፋስ ብቻ ተነፈሰ። የጉድጓዱ መካኒክ «ፓምፑ ተሰበረ በል» ተባለ። እሱ ግን እውነቱን ነገራቸው። ወታደር ሊይዘው ሲመጣ፣ እነዚያው የተታለሉት ሰዎች በግመሎቻቸው መካከል ሸሽገው ድንበር አሻገሩት።

ጉግሳ፣ «ወንበዴ ገደለው» ብለህ የለቅሶ ድንኳን የጣልክለት ልጄም መካኒክ ነበር። ሬሳውን በስልክ ብጠይቅህ «በረሃ ነው፣ አይገኝም» አልከኝ።

እንግዳዬን አበላሁት፤ ውኃም ሰጠሁት። እህቴ፣ መኩሪያ ልጅ ሳለ ከብርጭቆው ሥር አንድ ጉንጭ ውኃ እየተወ «ከኋላዬ ለሚመጣ» ሲል፣ «ደግሞ ለማን ነው፣ አንተ ሽማግሌ!» እያልሽ የምትስቂበት ትዝ ይልሻል?

ጠዋት ስነሣ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከሥሩ አንድ ጉንጭ ውኃ ቀርቶበታል። ጸጋዬ መጥቶ በሩ ሥር ያለውን ጫማ አየና «እትዬ፣ እንግዳ አለ እንዴ?» አለኝ። ቀስ ብለህ ተናገር፣ አልኩት።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ልጆችሽንም ከደረቅ ጉድጓድ ይሰውርልሽ። ጉግሳ እዚህ ሲደርስ ድምፁ ከተንቀጠቀጠ ውኃ ስጪው።

ታላቅ እህትሽ

ደግሞም፣ ከእንግዲህ ጥቁር አልለብስም።