የጋሼ ተፈራ ቀኝ እግር

እሑድ፣ ኅዳር 7

የባለቤቴ የሣራ አባት ጋሼ ተፈራና እኔ ዓርብ ወደ ሰሜን ድራይቭ አድርገን ትናንት ወንዝ ውስጥ ዓሣ ስናጠምድ ዋልን። ሳልሞን የሚባሉት ዓሦች እንቁላል የሚጥሉበት ወቅት ነው፤ ትራውትና ስቲልሄድ የሚባሉት ሌሎች ዓሦችም እንቁላሉን ሊለቅሙ ከኋላቸው ይሰለፋሉ። ጋሼ የዓሣ እንቁላል የምትመስል ማባበያ ያላት መንጠቆ አስረው ውኃው ውስጥ ገቡ። ብርዱ አጥንት ይሰረስራል፤ እኔ ቶሎ ወጣሁ።

"ጋሼ፣ አይበርድዎትም?"

"ዝም በል፣ ዓሣውን ታስደነግጥብኛለህ!"

አንድ ትልቅ ስቲልሄድ ያዙና እንደ ልጅ እየሳቁ መልሰው ለቀቁት። ሲወጡ ግን የቀኝ እግራቸው ላስቲክ ቦቲ ተቀዶ ውኃ ሞልቶታል። ሳወልቅላቸው ካልሲው በደም ርሷል። ድንጋይ ተረከዛቸውን ቆርጦታል፤ እሳቸው ግን አላወቁም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰማዎት?"

"ከፋሲካ ወዲህ። ስኳሩ ነው መሰለኝ። ለሣራ እንዳትነግራት፣ ታክሲውን ታስቆመኛለች።"

በዚያ እግር ፍሬን እየረገጡ ነው በየቀኑ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልሱት። ቁስሉን አጥቤ አሰርኩላቸው። ሐኪም ቤት ልውሰድዎት ብል እምቢ አሉ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እኔ ነዳሁ። ኢንግልዉድ ሰፈር ቤታቸው ሳደርሳቸው "ቃል ግባልኝ" አሉኝ። ቃል ሳልገባላቸው ዕቃቸውን አወረድኩ።

ዛሬ ፌርፋክስ መንገድ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ስንበላ ሣራ "አባዬ ደስ ብሎት ነበር?" አለችኝ።

"በጣም" አልኳት። እውነቴን ነው። ስለ እግራቸው ግን አልነገርኳትም።

ነገ ጠዋት ጋሼ ታክሲያቸውን ይዘው ሥራ ይወጣሉ። አሁን ሣራ ሻወር ውስጥ ናት። ስትወጣ እነግራታለሁ። ቢቀየሙኝም ይቀየሙኝ...