አንተ አለህ አይደል?

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፤ ጤናሽ እንደ ምኞቴ ይሁንልኝ። እኛ ደህና ነን።

የምሠራበት አዲሱ የኃይል ማመንጫ ሥራ ሊጀምር ነው። አለቃዬ ግን ወጪ ልቀንስ ብሎ ነባሮቹን የእንፋሎት ቦይለር ባለሙያዎች አሰናበታቸው። “ሥራው እስኪረጋጋ እንኳ ይቆዩ” ብዬ ለመንኩት።

“አንተ አለህ አይደል?” አለኝ።

አዎ፣ የሦስት ሰው ሥራ ተሸክሜ አለሁ! ትናንት በሙከራው የእንፋሎቱ ግፊት ከልክ ሲያልፍ ቦይለሩ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ደርሼ እሳቱን አጠፋሁት። “ጠፋ አይደል? ታዲያ ምን ያስጮህሃል?” ብሎ አለቃዬ ተቆጣኝ። ንዴቴን ይዤ ገብቼ ባለቤቴ ላይ ተወጣሁት።

ልጆቹ አክስታችን ናፈቀችን እያሉ ነውና እሑድ ከእናታቸው ጋር እልካቸዋለሁ። ቤታችን ከማመንጫው አጥር ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ጫጫታው አላስተኛቸውም። ባለቤቴ “አንተስ መቼ ትመጣለህ?” ስትለኝ የልጆቹን ልብስ ማጣጠፍ ያዝኩ።

እስክደውልልሽ ድረስ ሁሉንም አንቺው ጋ አቆዪልኝ።

ሁሌም የሚያስብሽ ታናሽ ወንድምሽ