የአያ ደምለው ኩሬ አራሶች

ይድረስ ለእታለም ለትሕትና፣

እንደምን ከርመሻል? የጎዴ ሙቀት ከራስ ምታትሽ ጋር ታርቋል ወይስ እንደ ፊቱ ነው? ባልሽ እንዳላማውስ፣ ትንሿ ወንጌላዊትስ? ጥርስ አወጣች ብለሽኝ ነበር፤ አሁንማ ትናከስ ይሆናል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ እሑድ ይጁቤ ሄጄ አይቻት መጣሁ።

ሳልደውል መጻፌን አትቀየሚኝ። ብደውል ሳልጨርስ «በቃ ተነሺና ሂጂ» ትይኛለሽ። ያ አዲስ አበባ ያገኘሽልኝ የመድኃኒት አስመጪ ድርጅት ፈተናውን አልፈሻል ብሎኛል፤ መልሴን እስከ ዓርብ ይጠብቃል። መጀመሪያ ግን የሆነውን ልንገርሽ።

እዚህ ደብረ ኤልያስ በዓሣ እርባታ ባለሙያነቴ የአያ ደምለውን ኩሬ እንደምከታተል ታውቂያለሽ። የግጦሽ መሬታቸውን ቆፍረው ሦስት መቶ የዓሣ ጫጩት ያስገቡት በእኔ ቃል ነው። ከጥር ጀምሮ ዓሣዎቹ ገላቸውን ከድንጋይ ጋር ማሸት ጀመሩ። አንዱን አውጥቼ ስንጥቡን፣ መተንፈሻውን ማለቴ ነው፣ በማጉያ መስታወት ባየው ጥቃቅን ትል ተጣብቆበታል። አያ ደምለው «እስከ ፋሲካ ካልዳኑ ደፍኜ ድንች እተክልበታለሁ» አሉ።

እኔም የተማርኩትን አወጣሁ። ፋጉሎ፣ ፍሩሽካና የባቄላ ዱቄት ላይ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ቀላቅዬ፣ በሥጋ መፍጫ እያሳለፍኩ ሰሌን ላይ አደረቅሁት። ትሉን በአንድ ቀን አይገድልም። ዓሣው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲበላው ይበረታል፣ ገላውን የሚሸፍነው ልጋግም ይወፍርና ትሉ መጣበቂያ ያጣል ተብሎ ነው። ይህን ማስረዳት ነበረብኝ። እኔ ግን ለፈተናው አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሆኖ፣ ጆንያውን አስረክቤ «የትል መድኃኒት ያለበት መኖ ነው፣ በደንብ ይስጧቸው» ብዬ በረርኩ። የት እንደምሄድም አልነገርኳቸውም፤ ስብሰባ ነው አልኩ።

በአምስተኛው ቀን ስመለስ ኩሬው ከሩቅ ይሸታል። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ ከፍተው አየር ይለምናሉ። ለካ አያ ደምለው የትል መድኃኒት ሲባሉ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው አድርገዋቸዋል፤ ሆዳቸው ባዶ ይሁን ብለው ሁለት ቀን አስጾመው፣ በሦስተኛው ማለዳ ጆንያውን ሙሉ ገለበጡት። ያልተበላው በስብሶ ውኃውን አበላሸው። ሰባ አንድ ሞተው ለቀምን።

አያ ደምለው ተቆጥተው «ኮሶ በባዶ ሆድ፣ በአንዴ ነው። ማን በየቀኑ ይጠጣል?» አሉኝ። ባለቤታቸው እትዬ ሥራነሽ ደግሞ ባልዲ እንደያዙ «እሷስ የት ነበረች?» አሉ። እታለም፣ ይህቺ ቃል አጥንቴ ገባች። ለሥራ ፈተና አዲስ አበባ ሄጄ እንደነበር እውነቱን ተናገርኩ። አያ ደምለው «ታዲያ መሄድሽ ካልቀረ ዛሬ ጭቃው ውስጥ ምን ያንቦጫርቅሻል?» አሉ።

ከወንዙ ቦይ ቀድደን ውኃውን ስንለውጥ፣ እስከ ጉልበቴ ገብቼ የበሰበሰውን መኖ በወንፊት ስጠልቅ ዋልኩ። በማግስቱ ሌላ መኖ ቀላቅዬ፣ ያኔ ማለት የነበረብኝን አስረዳሁ፤ «ኮሶውን ይርሱት፣ እንደ አራስ ይቁጠሯቸው። አራስ በአንድ ቀን ገንፎ አትጠናም፣ ጠዋት ማታ ጥቂት ጥቂት እየበላች ነው» አልኩ። እትዬ ሥራነሽ በሳቅ ፈረሱ፤ «አምስት ልጅ ስወልድ አንድ ቀን ያላገነፋልኝ ሰው፣ አሁን ለሁለት መቶ አራስ ሊያገነፋ ነው!»

ከዚያ ወዲህ አሥራ ስድስት ቀን ሆነ። አያ ደምለው ጠዋትና ማታ በእፍኝ እየበተኑ፣ በልተው እስኪጨርሱ ቆመው ያያሉ። ትናንት አምስት ዓሣ አውጥቼ አየሁ፤ በሁለቱ ላይ ትሉ ቀንሷል፣ በሦስቱ እንዳለ ነው። መኖው ይሁን የተለወጠው ውኃ ገና አላውቅም። ይህ አለማወቅ አላስቀምጥ ብሎኝ በቀን ሦስቴ አራቴ ኩሬውን እዞራለሁ። እንደገና አውጥቼ የማየው ዓርብ ነው።

እታለም፣ ይህ ደብዳቤ ጎዴ ሲገባ ዓርብ አልፏል፤ እኔም ለድርጅቱ አልመጣም ብዬ ደውያለሁ። ለእኔ ብለሽ የሰው ፊት እንዳየሽ አውቃለሁና ይቅር በይኝ። አሁን ጥዬ ብሄድ ግን የትም ብቀመጥ የዚያ ኩሬ ሽታ አይለቀኝም።

እንዳላማውን ሰላም በይልኝ፤ «የዓሣ ሐኪም» እያለ ይሳቅብኝ፣ ፈቅጃለሁ። ወንጌላዊትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ከነከሰችሽ የእኔ ነው። እማዬ ለፋሲካ ትመጪ እንደሆነ ቁርጡን ንገሪኝ ብላለች። አያ ደምለውና እትዬ ሥራነሽ ሳያውቁሽ ሰላም ብለውሻል፤ የተረፉት ሁለት መቶ ምናምን አራሶችም እንዲሁ።

እህትሽ ዜማ
ደብረ ኤልያስ፣ መጋቢት 20 ቀን 2003 ዓ.ም.